ሐይቅ የሆነች ከተማ

አያቴ የሐይቃችንን አፈጣጠር ሲተርኩልኝ ከአምስት ከስድስት ዓረፍተ ነገር አያልፉም ነበር። ዛሬ ውኃው በተኛበት ስፍራ ከተማ ነበረ። በከተማው ውስጥ ልዕልት ነበረች። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ወደዚያ መጣች፤ ልዕልቲቱም በደለቻት። ፈጣሪ ተቆጣ፤ ሴቲቱ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ፤ ልዕልቲቱም ከነዘመድ ወዳጆቿ ሰጠመች። ሳትሰጥም የቀረችው መሬት ዛሬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ናት። በደሉ ምን እንደ ነበረ ደጋግሜ ጠይቄአቸው አውቃለሁ። «በደል በደል ነው፤ ምኑን ልንገርህ» እያሉ ያልፉኝ ነበር።

ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ ላደግን ልጆች ይህ ታሪክ ከፊደል በፊት የሚመጣ ትምህርት ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይናገረዋል። ውኃው ጸጥ ሲል የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ከሥር ይታያል እየተባባልን ከዳር ቆመን አንገታችንን እናሰግግ ነበር። የምናየው ግን የራሳችንን ፊት፣ አልፎ አልፎም ዓሣ ነው። እርሱም ቢሆን ከሰጠመው ከተማ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የሐይቃችን ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ስፍራ መጥቶ የተጨመረ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ታሪኩንም ከልጅነት ጨዋታዎቼ ጋር አብሬ ትቼው ነበር። መልሶ ያመጣብኝ፣ ይህን ስናገር አንባቢ እንዳይስቅብኝ እሰጋለሁ፣ በ2004 ዓ.ም. በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያየሁት የጃፓን ካርቱን ነው።

ወደ ግቢው የሄድሁት ለፊልም አልነበረም። ሥነ ጽሑፍ የሚወዱ ጥቂት ተማሪዎች ግጥም እንዳነብላቸው ጠርተውኝ ነበር። ግጥሙ ካለቀ በኋላ «ጋሼ፣ ፊልም ስላለን ትንሽ ይቆዩ» አሉኝ። ጋሼ መባሉን ያን ጊዜ ገና አልለመድሁትም ነበር፤ ቅር እንዳለኝ እንዳይታወቅብኝ ቁጭ አልሁ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ፕሮጀክተሩ በተደራረቡ ሁለት ወንበሮች ላይ ተቀምጧል፤ ድምፁ ለሰርግ ከሚከራይ ትልቅ ስፒከር ይወጣል። ከመቶ የማያንስ ተማሪ አዳራሹን ሞልቶታል፤ ወንበር ያልደረሰው በመስኮቱ ደፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሥዕል የተሳለ ፊልም መሆኑ ሲታወቅ ከኋላ በኩል «ለልጆች ነው እንዴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ፊልሙ «አኪራ» ይባላል። ካትሱሂሮ ኦቶሞ የተባለው ጃፓናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በመጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣውን የሥዕል ልብ ወለድ መሠረት አድርጎ ራሱ ያዘጋጀው ነው። ሲጀምር ምንም ድምፅ የለም። ከላይ ሆኖ የሚታይ አንድ ታላቅ ከተማ አለ፤ ቀኑም ተጽፏል፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1988፣ ቶክዮ። ከከተማው መካከል አንድ ነጭ ጉልላት ይነሣል። ያድጋል፤ ጎዳናውን፣ ሕንፃውን፣ በመጨረሻም መላውን አንሶላ ይውጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን እንደ ቦምብ የሚያስደነግጥ ነጎድጓድ የለም። ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፊልሙ በጃፓን ለሕዝብ የቀረበው በዚያው ዕለት ነበር፤ ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ በአንሶላው ላይ የጠፋችውን ከተማ ቆማ ያገኛታል ማለት ነው። ይህ ቀን ሌላም ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ በረሃ የተሞከረው ሐምሌ 9 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ልክ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ 30 ቀን፣ ሂሮሺማ ነደደች፤ ነሐሴ 3 ቀን ደግሞ ናጋሳኪ። እኛም በሐምሌ 9 ድርሻ አለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራችንን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የሰጡት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነበር፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቅቁትም አብዛኛውን የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1889 ከወጣው ከጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ይህ ሁሉ መገጣጠም እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ቢሆንም ካወቅሁት በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ምክንያቱም ጃፓን ለእኛ ከካርቱን በፊት ተስፋ ነበረች። እነ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን እንደ ምሳሌ ያዩአት፣ አውሮፓዊት ሳትሆን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሠልጥና እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያን ያህል ኃያል መንግሥት ያሸነፈች አገር ስለ ነበረች ነው። ሕገ መንግሥቱ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው ወደዚያ ተጓዙ፤ ያዩትንም በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ አሳተሙ። የብርሃን ማደሪያ። ርእሱ ሲወጣለት የታሰበው ብርሃን የትምህርትና የፋብሪካ፣ የባቡርና የመርከብ ብርሃን ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ በሂሮሺማ ላይ የበራውን ብርሃን ማን ሊያስብ ይችል ነበር? ኦቶሞ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ብርሃኑን በዓይኑ አላየም። ያሳደጉት ሰዎች ግን የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው።

ወደ አንሶላው ልመለስ። ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ እኛ ስናየው ገና ያልደረሰ ዘመን ነበር። በጠፋችው ቶክዮ ፈንታ አዲስ ቶክዮ ተሠርታለች። ሕንፃዋ ሰማይ ይነካል፤ ጎዳናዋ ግን በሰልፈኛ፣ በአስለቃሽ ጭስ፣ ወላጅ አልባ በሆኑ ጎረምሶች የተሞላ ነው። ካኔዳና ቴትሱዎ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አብረው ያደጉ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ካኔዳ ደፋር ነው። ቴትሱዎ ከኋላ የሚከተል፣ ሲመቱት ካኔዳ የሚደርስለት፣ ስለተደረሰለትም የሚያፍር ልጅ ነው። አንድ ሌሊት በሞተሩ ሲበር፣ ቁመቱ የሕፃን ፊቱ ግን የሽማግሌ ከሆነ ፍጡር ጋር ይጋጫል። ይህ ፍጡር የጦር ሠራዊቱ በምስጢር ምርምር ከሚያሳድጋቸው ልጆች አንዱ ነው፤ ስሙን የሚተካ ቁጥር መዳፉ ላይ ተጽፏል። ቴትሱዎም ተይዞ ይወሰዳል፤ እርሱም ቁጥር ይሆናል፤ 41። ሐኪሞቹ የሚቀሰቅሱበት ኃይል ግን እነርሱም እርሱም ሊገዙት የማይችሉት ሆኖ ይገኛል።

ሥዕሉን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ አልደረሰም፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሴል በሚባል ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ በእጅ ተስሎ፣ በእጅ ቀለም ተቀብቶ፣ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። ለዚህ ፊልም ከ160,000 በላይ ሴል እንደ ተሳለ ይነገራል። ከተጠቀሙባቸው 327 የቀለም ዓይነቶች ውስጥም 50ዎቹ ለዚሁ ፊልም ሲባል የተቀመሙ ናቸው፤ አብዛኛው ታሪክ የሚፈጸመው በሌሊት ነውና የሌሊት ቀለም አጠራቸው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የመጣልኝ የገዳማችን ወንጌል ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1248 ሐይቅ ገብተው ትምህርት ቤት ካቋቋሙ በኋላ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ለገዳሙ የተጻፈው በስማቸው የሚታወቀው ወንጌል ከአገራችን ቀደምት ባለ ሥዕል መጻሕፍት አንዱ ነው። ከእነዚህ ሠዓልያን ውስጥ ስንቱ ለአንድ የልብስ እጥፋት ዓይኑን እንዳፈሰሰ ብራናውን ያየ ያውቃል። በእጅ የተሠራ ነገር የሠሪውን ድካም አይደብቅም፤ ተማሪዎቹ ዝም ያሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ፊልሙ ከመካከሉ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ማንም አልተነሣም። ትንሽ ከተጠበቀ በኋላ ግማሹ ወደ ውጭ ወጣ፤ የቀረነው በሞባይል ስልክ ብርሃን ማውራት ጀመርን። ከአጠገቤ የተቀመጠው የምሕንድስና ተማሪ የጃፓን ካርቱን ለእርሱ አዲስ እንዳልሆነ ነገረኝ። «እኛ ቤት በዐረብኛ ነበር የምናየው» አለ። እኅቱ ከጅዳ በላከችው ገንዘብ ዲሽ ገዝተው፣ «ስፔስቱን» በተባለው የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ የጃፓን ካርቱን እያየ አድጓል፤ ዐረብኛ ሳይችል የ«ግሬንዳይዘር»ን የመክፈቻ ዘፈን እስከ ዛሬ በቃሉ ይዟል። በልጅነቴ የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። በእኛ ዘመን ሐይቅ የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው፤ በስሙኒ የህንድና የካራቴ ፊልም እናይ ነበር። እናቶቻችን ይረግሙት ነበር። በአዲስ አበባም የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት በወጣ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎታል። ያ ልጅ ግን ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሰው አገር ጉልበቷን በሸጠች እኅት ገንዘብ፣ በሁለተኛ ሰው ቋንቋ፣ ከሦስተኛ አገር የመጣ የወደፊት ዘመን አይቷል። የወሎን የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ዲሽ ባይዘለው መልካም ነው።

በጨለማው ውስጥ አንዲት ተማሪ ማንጎራጎር ጀመረች። ዜማው አምባሰል ነበር። ከሐይቅ ሰሜን ባለው ባለ ገደል አገር ስም የሚጠራው ይህ ቅኝት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ምናልባት የማያውቀው፣ ጃፓኖች ሚያኮቡሺ የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ስልት የድምፆቹ ርቀት ከአምባሰል ጋር አንድ መሆኑን ነው። ግማሽ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ግማሽ፣ ሁለት እያለ ከመነሻው ወደ መነሻው ይመለሳል። በአጨዋወት፣ በድምፅ ማስረቅረቅ፣ በመሣሪያም ይለያያሉ እንጂ አጥንታቸው አንድ ነው። አንዱ ከሌላው ወሰደው የሚባል ነገር የለም፤ በሁለት ተራራማ አገር ሁለት ሕዝብ ሐዘኑን በአንድ ስፍራ አግኝቶታል። የልጅቱ ድምፅ ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ መብራቱ መጣ፤ የወጡትም እየተጋፉ ተመለሱ።

የቀረው ክፍል በአብዛኛው የሚካሄደው በመሠራት ላይ ባለ ስታዲየም ዙሪያ ነው። አዲሲቱ ቶክዮ ለ2020 ኦሊምፒክ እየተዘጋጀች ነው፤ አኪራ የተባለው፣ ከሁሉ የበረታ ኃይል የነበረው ልጅ፣ ከስታዲየሙ ሥር በብርድ ታሽጎ ተቀብሯል። የመጀመሪያዪቱን ቶክዮ ያጠፋት እርሱ ነው። (እውነተኛዪቱ ቶክዮ የ2020ን ኦሊምፒክ ለማዘጋጀት የተመረጠችው እኛ ፊልሙን ካየን ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ውድድሩም በወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2021 ተላለፈ። ያ የምሕንድስና ተማሪ የት እንዳለ ባውቅ ኖሮ ደውዬ እነግረው ነበር።) ለእኛ ደግሞ ቶክዮና ስታዲየም ሲባል የሚታየን ሌላ ሰው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ለጃፓን ያ ኦሊምፒክ ከአመድ መነሣቷን ለዓለም ያሳየችበት ነው። ኦቶሞ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። «አኪራ»ን ሲሥል በአእምሮው የነበረችው ይህችው የልጅነቱ ቶክዮ እንደ ነበረች ተናግሯል፤ የኦሊምፒክ ዝግጅቱ፣ የጥድፊያው ግንባታ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተነሣው የተማሪ ዐመፅ። እርሱ ግን በበዓሉ ሜዳ ሥር አንድ ልጅ ቀበረ።

ቴትሱዎ መቃብሩን ሰብሮ ሲከፍተው ውስጡ ሰው የለም። በጠርሙስ የተደረደሩ ብልቶች ብቻ ናቸው። ግማሹ ሕዝብ የሚፈራው፣ ግማሹ እንደ አዳኝ የሚጠብቀው ልጅ በሐኪሞች ተቆራርጦ ለጥናት ተቀምጧል። እዚህ ላይ ከፊቴ የነበረች ልጅ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። ከዚያ በኋላ የቴትሱዎ አካል ራሱ ያብጥ፣ ይዘረጋ፣ ያገኘውን ሁሉ ይውጥ ጀመር፤ የሚወዳት ልጅ በገዛ ሥጋው ውስጥ ተጨፍልቃ ሞተች። በመጨረሻም ያ ነጭ ጉልላት እንደገና ተነሣ። ቴትሱዎን ወሰደው፤ ከተማዪቱንም ወሰዳት።

ብርሃኑ ሲጠፋ የባሕሩ ውኃ ከተማ ወደ ነበረበት ጉድጓድ እየተንደረደረ ገባ።

በሐይቅ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሚሰማው ልገልጽ አልችልም። ሌላው ተመልካች የአንድን ፊልም ፍጻሜ አየ። እኔ አያቴን ሰማኋቸው። «ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ።» ልጅ ሆኜ ከውኃው ሥር ስፈልገው የነበረው ጣሪያ ይኸው ነው፤ ትንሹን የበደለ ትልቅ ከተማ ውኃ ሆነ። ታሪኩ ቃል በቃል አንድ ነው ለማለት ደፍሬ ነበር። ወደ ማደሪያዬ ስሄድ ግን ልዩነቱ ያሳስበኝ ጀመር። በአያቴ ታሪክ ፍርዱ የፈጣሪ ነው፤ ተበዳዪቱም የተቀመጠችበት መሬት ይተርፋል። በጃፓኖቹ ታሪክ እሳቱን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ተበዳዩም ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው። እሳቱን በአገራቸው ያዩ ሰዎች የተረፈ መሬት አለ ብለው መተረክ አልሆነላቸውም።

ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለመጠየቅ ጃፓን ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። ወሎ ራሷ ከዚያ በፊት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ለእይታ ቀርባ ታውቃለችና።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ሲጸና መንግሥት ነገሩን ሸሸገው። ከገጠር የወጡት ሰዎች በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ተቀምጠው አላፊውን መኪና ይማጸኑ ነበር፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው ይህ ጎዳና በሐይቅ መካከል ያልፋል። በዚያው መንገድ እህል ከወሎ እየተጫነ ይወጣ እንደ ነበረ አማርትያ ሴን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ ጽፏል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው እህል በፊቱ እያለፈ ሞተ። የሞተው ሰው ቁጥር ግምቱ ብዙ ይለያያል፤ ዝቅተኛው 40,000 ይላል፤ ከፍተኛው 200,000። እናቴ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። የሚያስታውሱት ጩኸት አይደለም። «ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር» ይላሉ። «ዝም ብለው ነው የተቀመጡት፤ ውኃ ስናመጣላቸው እንኳ ቶሎ አይቀበሉም።» በዚያ መንገድ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይም ጦርነት። ስለ እርሱ ለመጻፍ ገና አልተቻለኝም።

በዚያው በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከእነርሱም መካከል መስፍን ወልደ ማርያም፣ ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ፎቶግራፎቹ በግቢው ለተማሪው ታዩ። ምርጥ ምርጥ ንግግር ያላደረገውን እነዚያ ፊቶች አደረጉት፤ ረሃቡ ከዚያ በኋላ የሚካድ ነገር አልሆነም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የተቀረጸውን ፊልሙን ለአገሩ ሕዝብ አቀረበ። ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት ምሽት፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብዣ ሥዕሎች ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ልዕልቲቱ ሰጠመች።

በመንገዱ ዳር የተቀመጡት ሰዎችስ? ቴሌቪዥን አላዩም። ፎቶግራፋቸው አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም። የእነርሱ ፊት ዙፋን ገለበጠ፤ የተቀመጡባት መሬት ግን አልተረፈችላቸውም። ፊልሙን ያሳየው መንግሥትም ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ረሃቡ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ድግሱ ባለፈ በሚቀጥለው ወር ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ገብቶ ቀረጸው፤ ዓለምም አየው። አዲሲቱ ቶክዮ በአሮጌዪቱ ጉድጓድ አጠገብ ስትሠራ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

እኔን የሚከነክነኝ የራሴ ነገር ነው። ያን ምሽት ለቴትሱዎ ከንፈሬን መጥጫለሁ፤ ስለ ጠርሙሶቹም ብዙ አስቤአለሁ። ግን ሥዕል ለማየት የሚቀመጥ ሰው ምንጊዜም በአዳራሹ በኩል ነው ያለው፤ በመንገዱ በኩል አይደለም። አያቴ ታሪኩን ሲነግሩኝ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሰጠመው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ስለ ወርቁ፣ ስለ ጣሪያው። ስለ ሴቲቱ አንድም ጊዜ ጠይቄ አላውቅም።

በማግሥቱ ከደሴ አውቶቡስ ተራ ሚኒባስ ይዤ ሐይቅ ገባሁ። አያቴ በረንዳው ላይ ሰፌድ ታቅፈው ምስር ይለቅማሉ። ከጎናቸው ተቀምጬ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁላቸው። ሞተር ብስክሌቱን አሳጠርሁት፤ ውኃውን አስረዘምሁት። እጃቸው ከምስሩ ሳይነሣ ሰሙኝ።

«ልጁን ማን በደለው?» አሉኝ።

«ሁሉም» አልሁ።

«እናት አልነበረውም?»

«የለውም። በማሳደጊያ ነው ያደገው።»

«ውይ አንጀቴን!» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥተው ወረወሩ። «ታዲያ ያንን ሁሉ ውኃ ማን ቆሞ አየው?»

«ጓደኛው ተርፏል» አልሁ። ይህ መልስ ያስደሰታቸው መሰለኝ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅሁትን ያን ጊዜ ጠየቅሁ።

«ያቺ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ዙሪያው ሁሉ ውኃ ከሆነ በኋላ ምን ሆነች?»

አያቴ ቀና ብለው እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ምን ትሆናለች፤ ወለደቻ!» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።